«ምን አገባችሁ?» ተብሎ የተመለሰው ክስ



በመንግሥታት መካከል ባለው ግንኙነት ግብረ ገብነት ስፍራ አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በፈላስፎች ጉባኤ ነው። አንዱ ወገን፥ መንግሥት ጥቅሙን እንጂ ምግባርን አያውቅም ይላል፤ ሌላው ወገን፥ ለግለሰብ ነውር የሆነው ለመንግሥትም ነውር ነው ሲል ይመልሳል። ይህ ክርክር ቢያድር ቢከርም አያልቅም። እኛ ግን ዛሬ ክርክሩን ትተን አንድ መዝገብ እንገልጣለን። መዝገቡ ሄግ ከተማ በተቀመጠው ዓለም አቀፍ የፍርድ ቤት ዘንድ በኢትዮጵያና በላይቤሪያ ከሳሽነት፥ በደቡብ አፍሪካ ተከሳሽነት በ1960 ተከፍቶ በ1966 የተዘጋው የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ጉዳይ ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የምንጠራቸው መዝገቡ ራሱ በዚያ ስለ ተጻፈ ነው።

ይህን መዝገብ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ፍርድ ቤቱ ስድስት ዓመት ያህል ጽሑፍ ሲቀበል፥ ቃል ሲሰማ ከቈየ በኋላ ለከሳሾቹ የሰጠው መልስ በአማርኛ ሲጠቃለል «ምን አገባችሁ?» የሚል ሆነ። በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ዘንድ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን መልስ ያውቀዋል፤ «ጉዳዩ ክፍላችንን አይመለከትም» ተብሎ የተመለሰ ማመልከቻ ያላየ ጸሐፊ የለም። ማመልከቻው እውነት ይሁን ሐሰት ማንም አልመረመረውም፤ ወደሚመለከተው ክፍል ይሄዳል ተብሎ ይታሰባልና። የሚመለከተው ክፍል ጨርሶ የሌለ እንደ ሆነስ?

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ዛሬ ናሚቢያ የምትባለው አገር ከ1884 ጀምሮ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች። በ1904 የሄሬሮ ሕዝብ፥ ከእርሱም ቀጥሎ የናማ ሕዝብ፥ መሬቱንና ከብቱን ስለ ተቀማ ተነሣ። የጀርመን ጦር አዛዥ ጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በግዛቱ ወሰን ውስጥ የሚገኝ ሄሬሮ ሁሉ፥ መሣሪያ ቢይዝም ባይዝም፥ እንዲተኰስበት በጽሑፍ አዘዘ። ከጦርነቱ በፊት 80,000 ያህል ይሆን ነበር ተብሎ ከሚገመተው የሄሬሮ ሕዝብ በ1911 በሕይወት የተገኘው 15,000 ያህል ነው። የቀረው በጥይት፥ በኦማሄኬ በረሃ በውኃ ጥም፥ በእስር ሰፈርም አለቀ። ጀርመን ይህ ሥራ ዘር ማጥፋት እንደ ነበረ በይፋ የተናገረችው በ2021 ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የደቡብ አፍሪካ ጦር በ1915 አገሩን ያዘ። ጦርነቱ ሲያበቃ ድል አድራጊዎቹ የጀርመንን ቅኝ ግዛቶች እንደ ምርኮ ሊካፈሉ ፈለጉ፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ግን ይህን ስላልወደዱ፥ የሁለቱ አሳብ ታርቆ «ሞግዚትነት» የተባለው ሥርዓት ተፈጠረ። የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን በ22ኛው አንቀጹ የነዚህ ሕዝቦች ደኅንነትና እድገት የሥልጣኔ ቅዱስ አደራ ነው አለ። የማኅበሩ ምክር ቤት ዲሴምበር 17 ቀን 1920 ባጸደቀው የሞግዚትነት ጽሑፍ በ2ኛው አንቀጽ ደቡብ አፍሪካ የነዋሪዎቹን የኑሮና የሞራል ደኅንነት፥ ማኅበራዊ እድገታቸውንም በተቻላት ሁሉ ለማራመድ ግዴታ ገባች። በ7ኛው አንቀጽ ደግሞ ስለ ጽሑፉ ትርጓሜ ወይም አፈጻጸም በሞግዚቱና በሌላ የማኅበሩ አባል መካከል ክርክር ቢነሣ፥ በድርድርም ባያልቅ፥ ነገሩ ለዓለም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ተስማማች። ይህን 7ኛ አንቀጽ አድማጮቻችን ልብ እንዲሉት እንለምናለን፤ ታሪኩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው።

አደራ በእኛ ዘንድ ከባድ ቃል ነው። አደራ በላ ከሌባ ይልቅ የሚጠላው ሌባ የሚሰርቀው ያላመነውን ሰው ሲሆን አደራ በላ ግን ያመነውን ሰው ስለሚበላ ነው። የሙት ልጅ ሞግዚት በልጁ ከብት ቢበለጽግ ማን ይናገራል? ልጁ ለመክሰስ ዕድሜው አልደረሰም፤ ሞግዚቱም በራሱ ላይ አይከስም። የቀረው ሦስተኛ ሰው ብቻ ነው፤ ዘመድ ወይም ጎረቤት ወይም መንገደኛ። በአገራችን በጥንቱ ልማድ «በሕግ አምላክ!» ብሎ በዳይን የሚያስቆመው ሰው አንተ የማን ወገን ነህ ተብሎ አይጠየቅም ነበር። በመንግሥታት ዓለም ግን ይህ ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቅ ሆኖ ተገኘ።

በማኅበሩ ዘመን ሞግዚቶቹን የሚቈጣጠር ቋሚ ኮሚሲዮን በጄኔቭ ነበረ፤ ሥልጣኑ ግን ማስታወሻ ከመጻፍ አያልፍም ነበር። በ1922 ቦንደልስዋርት የተባሉት የናማ ነገድ ሰዎች በውሾቻቸው ላይ የተጣለው ግብር ከብዶአቸው ቢያምፁ መንግሥት በአይሮፕላን ቦምብ ደበደባቸው፤ ሴቶችና ልጆች ጭምር 100 ያህል ሰው ሞተ። ኮሚሲዮኑ ወቀሰ። ወቀሳውም ተጽፎ በመዝገብ ቤት ቀረ።

ማኅበሩ በ1946 ፈርሶ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስፍራውን ሲይዝ ደቡብ አፍሪካ አገሩን ከራስዋ ግዛት ጋር ለመቀላቀል ጠየቀች፤ የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ እምቢ አላት። በ1948 በምርጫ ሥልጣን የያዘው የብሔራዊ ፓርቲ መንግሥት አፓርታይድ የተባለውን የዘር መለያየት ሥርዓት ሕግ አድርጎ በራሱ አገር ሲያጸና፥ በአደራ በያዘውም አገር ላይ ዘረጋው። የ1904 ጦርነት ትራፊ የነበሩት የሄሬሮው አለቃ ሆሴያ ኩታኮ ራሳቸው ወደ ኒው ዮርክ ለመሄድ ስላልተፈቀደላቸው አቤቱታቸውን በእንግሊዛዊው ቄስ በማይክል ስኮት አፍ አሰሙ። ቄሱ በ1949 በጉባኤው 4ኛ ኮሚቴ ፊት ቆመው ተናገሩ። በሚቀጥለው ዓመት ፍርድ ቤቱ ለጉባኤው በሰጠው የምክር አሳብ፥ ማኅበሩ ቢሞትም ሞግዚትነቱ አልሞተም፤ ደቡብ አፍሪካ የአገሩን አቋም በራስዋ ፈቃድ ብቻ ልትለውጥ አትችልም አለ። ምክር ግን ምክር ነው፤ ፕሪቶሪያ አልተቀበለችውም። በዲሴምበር 1959 በዊንድሁክ ከተማ ጥቁሮቹ ከቀድሞ ሰፈራቸው ወደ ሌላ ስፍራ አንዛወርም ብለው ቢሰለፉ ፖሊስ ተኵሶ ከ10 የማያንሱ ሰዎችን ገደለ።

እንግዲህ ምክርን ወደ ፍርድ መለወጥ ያስፈልግ ነበር። ለመክሰስ ደግሞ 7ኛው አንቀጽ የማኅበሩ አባል የነበረ መንግሥት ይፈልጋል። በ1960 ነጻነታቸውን የሚቀበሉት አዲሶቹ የአፍሪካ መንግሥታት ማኅበሩ በነበረበት ዘመን ስማቸው በቅኝ ገዢዎቻቸው መዝገብ ውስጥ ነበረ። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ካሉት የጥቁር ሕዝብ መንግሥታት የማኅበሩ አባሎች የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ላይቤሪያ ከመጀመሪያው፥ ኢትዮጵያ ከሴፕቴምበር 1923 ጀምሮ። በጁን 1960 በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የነጻ የአፍሪካ መንግሥታት 2ኛ ጉባኤ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ተስማማ፤ ክሱም ኖቬምበር 4 ቀን 1960 በሄግ ገባ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የዘነጋው አንድ ነገር አለ። ኢትዮጵያ በ1935 ራስዋ ባለ አቤቱታ ነበረች። ኢጣልያ በወረረቻት ጊዜ 50 ያህል መንግሥታት ወራሪው ቃል ኪዳኑን አፍርሶአል ብለው የገንዘብና የንግድ ቅጣት ከኖቬምበር 18 ቀን 1935 ጀምሮ አጸኑ። ነገር ግን የጦር መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ዘይት ከቅጣቱ ዝርዝር ውጭ ሆነ፤ የስዌዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ሆኖ ቈየ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለው ተረታችን ለዚያ ማኅበር የተነገረ ይመስላል። ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ ቆመው ከተናገሩ በኋላ እንኳ ጥቂት ቀን ሳይቈይ ጉባኤው ቅጣቱ እንዲነሣ ወሰነ። በዚያ ጉባኤ ቅጣቱ ሊነሣ አይገባም ብለው በግልጥ ከተከራከሩት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የማን ነበር? የደቡብ አፍሪካ ነው። መልእክተኛዋ ቻርልስ ቴ ዋተር በጉባኤው ፊት ተናገሩ። በ1941ም ጠላትን ከአገራችን ለማስወጣት ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ብዙ ነበሩ።

ታዲያ ውለታው የት ገባ? ይህን ጥያቄ ብዙ ጸሐፊዎች ሳይነኩት ያልፋሉ፤ እኛ ግን የግብረ ገብ ነገር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ጠላትን መክሰስ ማንም ይችላል። በጭንቅ ቀን አጠገባችን የቆመውን ሰው ወደ ዳኛ መጥራት ግን ሌላ ነው።

በእርግጥ የ1936ቱ መንግሥትና የ1948ቱ መንግሥት አንድ ፓርቲ አልነበሩም የሚል መልስ አለ። መልሱ ግን አያጠግብም፤ በዚያው በ1936 የደቡብ አፍሪካ ፓርላማ በኬፕ ክፍለ ሀገር የነበሩትን ጥቁር መራጮች ከጠቅላላው የመራጮች መዝገብ የሚያስወጣ ሕግ አውጥቶአል። አንዱ እጅ በጄኔቭ ለጥቁር መንግሥት ሲከራከር ሌላው እጅ በኬፕ ታውን የጥቁሩን ስም ይሰርዝ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው መደባለቅ በመንግሥታት ሥራ ውስጥ ብርቅ አይደለም። የተሻለው መልስ ይህ ይመስለናል፤ ደቡብ አፍሪካ በ1936 የተከራከረችው ለቃል ኪዳኑ ክብር እንደ ሆነ ውለታው የሚመለሰው ያንኑ ቃል ኪዳን በማስከበር ነው። ለኢትዮጵያ ብላ እንደ ሆነም ኢትዮጵያ ዕዳዋን በራስዋ ገንዘብ ትከፍላለች እንጂ በሄሬሮና በናማ ከብት አትከፍልም። ስለ ሌላው በደል ዝም ማለት የዝምተኛው ንብረት አይደለምና ለውለታ ሊሰጠው አይችልም።

ወደ መዝገቡ እንመለስ። ደቡብ አፍሪካ አስቀድማ የመጀመሪያ መቃወሚያ አቀረበች፤ ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 21 ቀን 1962 በ8 ድምፅ በ7 ላይ መቃወሚያውን ጥሎ ነገሩን ለማየት ሥልጣን አለኝ አለ። በዚሁ ውሳኔ የማኅበሩ አባሎች ሞግዚቱ ለነዋሪዎቹ የገባውን ግዴታ ስለ መፈጸሙ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንደ ነበራቸው ተገልጦአል። በ1965 የቃል ክርክሩ ከማርች እስከ ኖቬምበር ተካሄደ። ለከሳሾቹ በዋናነት የተናገሩት አሜሪካዊው ጠበቃ ኧርነስት ግሮስ፥ ለተከሳሽዋ ደግሞ ዴ ቪሊየርስ ነበሩ። ግሮስ በመካከሉ የክርክሩን መንገድ ለወጡ፤ ስለ እያንዳንዱ ጭቈና ምስክር ከመቍጠር ይልቅ፥ ሰውን በትውልዱ የሚመድቡት ሕጎች ራሳቸው በወረቀት ላይ እንደ ተጻፉ ይበቃሉ አሉ። ሥራውን ለማሳጠር የታሰበ ብልሃት ነበር፤ ለተቃራኒው ወገን ግን የጭቈናው ክስ ተነሥቶአል ብሎ ለዓለም ለማውራት አጋጣሚ ሰጠው። ደቡብ አፍሪካም በበኩልዋ፥ የተለያዩ ነገዶችን ለየብቻ ማሳደግ ለራሳቸው ጥቅም ነው ብላ ተከራከረች። በ1964 የወጣው የኦደንዳል ኮሚሲዮን ሪፖርት አገሩ በየነገዱ እንዲሸነሸን የመከረው በዚሁ አሳብ ነው፤ የአልማዙ ምድር ግን ከጥቁሮቹ ድርሻ ውጭ ነበር።

በዚያ ክርክር ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚያሳስብ ነው። ደቡብ አፍሪካ ዳኞቹ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካንና ራስዋን ደቡብ አፍሪካን ብቻ ሳይሆን ኢትዮጵያንና ላይቤሪያንም ሄደው በዓይናቸው አይተው እንዲያነጻጽሩ ጠየቀች። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። የጥያቄው ትርጕም ግን ግልጥ ነበር፤ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ማለት ነው።

ይህ ክርክር በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ላይቤሪያ በ1930 በግዳጅ ሥራ ምክንያት በማኅበሩ አጣሪ ኮሚሲዮን ተመርምራ ፕሬዚዳንትዋ ኪንግ ከሥልጣን ወርደዋል። ኢትዮጵያም ወደ ማኅበሩ ስትገባ ባርነትንና የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል መግባት ግድ ሆኖባት ነበር። ክሱ ሲታይ በነበረበት ዘመን ደግሞ የኤርትራ ፌዴሬሽን በ1962 ፈርሶአል፤ ብዙው ገበሬ ከጭሰኝነት አልወጣም፤ ሕዝቡ መንግሥቱን የሚለውጥበት ምርጫ አልነበረውም። ይህን ሁሉ አምነን ስናበቃ፥ የከሳሹ ኃጢአት ከተከሳሹ ትከሻ ላይ አደራውን አያወርደውም እንላለን። ነውር የሌለበት መንግሥት ብቻ ይክሰስ የተባለ እንደ ሆነ በምድር ላይ ከሳሽ አይገኝም፤ ይህም ለበዳዮች ሁሉ የምሕረት ዐዋጅ ይሆናል። ነገር ግን ከሳሹም በነጻ አይሄድም። ሰው በትውልዱ ምክንያት ከመብቱ ሊጐድል አይገባውም ብሎ በማኅተሙ አትሞ የሰጠ መንግሥት፥ የራሱ ተገዢ ያንኑ ወረቀት ይዞ ወደ ራሱ ደጅ ሲመጣ ምን ሊመልስለት ነው?

ጁላይ 18 ቀን 1966፥ በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 11 ቀን 1958፥ ፍርዱ ተነበበ። ግብጻዊው ዳኛ ባዳዊ በ1965 ሞተዋል፤ የፔሩው ዳኛ ቡስታማንቴ ታመዋል፤ የፓኪስታኑ ሰር ዛፍሩላህ ካን በዚህ ነገር ሳይሰየሙ ቀርተዋል። ከሳሾቹ የመረጡትን ናይጄሪያዊውን ሰር ሉዊስ ምባኔፎንና ተከሳሽዋ የመረጠችውን ቫን ዋይክን ጨምሮ የተሰየሙት ዳኞች 14 ነበሩ። ድምፁ 7 በ7 ተከፈለ። በዚህ ጊዜ በ1962 ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ የነበሩት አውስትራሊያዊው ፕሬዚዳንት ሰር ፐርሲ ስፔንደር የፍርድ ቤቱ ደንብ በሚፈቅድላቸው መሠረት ወሳኙን ድምፅ ሰጡ፤ ክሱም ወደቀ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሞግዚትነቱ ግዴታዎች ሁለት ዓይነት ናቸው ተባለ። አንደኛው ዓይነት ለአባል መንግሥታት ለየራሳቸው ጥቅም የተሰጠ ነው፤ ለምሳሌ የአባል አገር ተወላጅ የሆነ ሚስዮናዊ ወደ ግዛቱ ገብቶ እንዲያስተምር መፈቀዱ። ሁለተኛው ዓይነት ለነዋሪዎቹ ደኅንነት የተገባ ሲሆን ይህ ግዴታ ለማኅበሩ ለጠቅላላው እንጂ ለእያንዳንዱ አባል አይደለም ተባለ። ከዚህ የሚወጣውን ውጤት ልብ እንበል። አንድ ሚስዮናዊ የመግቢያ ፈቃድ ቢከለከል መንግሥቱ ሊከስለት ይችላል፤ የአገሩ ሕዝብ በሙሉ ቢበደል ግን ከሳሽ የለውም። ማኅበሩ ይክሰስ እንዳይባል በፍርድ ቤቱ ፊት የሚቆሙት መንግሥታት ብቻ ናቸው፤ ማኅበሩም ራሱ ከፈረሰ 20 ዓመት ሆኖታል። ሕዝቡ ይክሰስ እንዳይባል መንግሥት አይደለም። የሚመለከተው ክፍል የለም ያልነው ይህን ነው።

ስለ ግብረ ገብም ፍርዱ ዝም አላለም። የሰብአዊነት ስሜት ብቻውን ሕጋዊ መብት አይወልድም፤ ይህ የሕግ ፍርድ ቤት ስለ ሆነ የሞራልን መመሪያ ሊቀበል የሚችለው በበቂ ሁኔታ የሕግን መልክ ለብሶ ሲገኝ ብቻ ነው አለ።

ይህን አሳብ የክፉ ሰዎች አሳብ ነው ብለን ብናቃልለው እንሳሳታለን። በሕሊናው ብቻ የሚፈርድ ዳኛ ዛሬ ለእኛ ቢፈርድ ነገ በእኛ ላይ ይፈርዳል። ከዚህም በላይ፥ ስለ ሌላው ሕዝብ ደኅንነት ያገባኛል ማለት በኃያላን አፍ ውስጥ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደ ሆነ አፍሪካ ታውቀዋለች። ቅኝ ገዢዎች ወደ አህጉሩ የገቡት ባርነትን እናጠፋለን፥ ሥልጣኔን እናመጣለን እያሉ ነው። ኢጣልያም በ1935 ወረራውን ከመጀመርዋ በፊት በኢትዮጵያ ስላለው ባርነትና ኋላ ቀርነት የሚናገር ወፍራም ጽሑፍ ለጄኔቭ አቅርባ ነበር። በዚያን ጊዜ «ምን አገባችሁ?» የሚለው ቃል የደካማው ጋሻ ነበረ። ስለዚህ በመንግሥታት መካከል ያለው አጥር ሁሉ ይፍረስ የሚል ሰው አጥሩ ማንን እንደሚከልል አስቀድሞ ይመልከት።

ነገር ግን በዚህ መዝገብ አጥሩን በጉልበት የሰበረ ማንም የለም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ጦር ይዘው አልመጡም፤ ደቡብ አፍሪካ ራስዋ በ1920 በተቀበለችው ጽሑፍ ላይ በተተወው በር አንኳኩ እንጂ። ግብረ ገቡ የሕግን መልክ ለብሶ ነበር፤ 2ኛው አንቀጽ ግዴታውን፥ 7ኛው አንቀጽ ዳኛውን ጽፈዋል። ፍርድ ቤቱ በሩን አየ፤ በበሩ ለመግባት የሚችል ሰው ግን ከቶ አልተፈጠረም አለ። የ1962ቱን ውሳኔ ያነበበ ሰው ይህን የሕግ ጥንቃቄ ነው ብሎ ለመቀበል ይቸግረዋል።

የተቃወሙት ሰባቱ ዳኞች ከልዩ ልዩ ዓለም የመጡ ነበሩ፤ ቻይናዊው ዌሊንግተን ኩ፥ የሶቪየት ኅብረቱ ኮሬትስኪ፥ ጃፓናዊው ታናካ፥ አሜሪካዊው ጄሰፕ፥ የሜክሲኮው ፓዲላ ኔርቮ፥ የሴኔጋሉ ፎርስተር፥ እንዲሁም ምባኔፎ። ጄሰፕ ፍርዱ በሕግ በኩል መሠረት የለውም ብለው ጻፉ፤ ስለ አናሳ ሕዝቦችና ስለ ሠራተኞች የተጻፉትን የቀድሞ ውሎች ጠቅሰው፥ መንግሥታት ራሳቸው ያልተጐዱበትን ነገር ይዘው ለመክሰስ ከብዙ ዘመን በፊት እንደ ተፈቀደላቸው አስረዱ። ታናካ ደግሞ ወደ ነገሩ ሥር ገቡ። እኩልነት ማለት ሁሉን ሰው አንድ ዓይነት ማድረግ አይደለም፤ ልዩነትን ማየት ፍትሕ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ልጅ እንደ ልጅ፥ አናሳ ሕዝብም ቋንቋውንና ሃይማኖቱን ለመጠበቅ በፈለገ ጊዜ ይለያል። ሰውን ባልመረጠው ትውልዱ ምክንያት ከኑሮ ዕድል መቀነስ ግን ልዩነትን ማየት ሳይሆን በደል ነው አሉ። በመዝገቡ ውስጥ ካሉት ጽሑፎች ሁሉ ዛሬም ደጋግሞ የሚነበበው ይህ የታናካ ጽሑፍ ነው፤ የተሸነፈው ወገን ጽሑፍ።

ከፍርዱ በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኦክቶበር 27 ቀን 1966 በቍጥር 2145 ውሳኔው ሞግዚትነቱ አብቅቶአል አለ፤ 114 መንግሥታት ሲደግፉ የተቃወሙት ፖርቱጋልና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ፤ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ማላዊ ድምፃቸውን አቀቡ። ፍርድ ቤቱም ራሱ ቀስ በቀስ አቋሙን አለዘበ። በ1970 ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ባለ አክሲዮኖች በቀረበለት ሌላ ነገር ሲፈርድ፥ መንግሥታት ለዓለም ማኅበር በሙሉ የሚገቡት ግዴታ አለ፤ ወረራን፥ ዘር ማጥፋትን፥ ባርነትንና የዘር መለያየትን የሚከለክለው ሕግ ከዚህ ወገን ነው፤ ይህም ሁሉንም ያገባዋል አለ። በ1971ም ስለ ናሚቢያ ምክር በተጠየቀ ጊዜ፥ ደቡብ አፍሪካ በዚያ አገር መቀመጥዋ ሕገ ወጥ ነው፥ ልትወጣ ይገባታል ሲል በ13 ድምፅ በ2 ላይ ተናገረ። በዚያ ቀን በፕሬዚዳንቱ ወንበር የተቀመጡት በ1966 ሳይሰየሙ የቀሩት ዛፍሩላህ ካን ነበሩ።

ያገባኛል የሚለውም በር ከጊዜ በኋላ ሰፋ። ትንሽዋ ጋምቢያ በኖቬምበር 2019 ስለ ሮሂንጋ ሕዝብ ምያንማርን ስትከስ ምያንማር ጋምቢያ በነገሩ አልተጐዳችም ብላ ተቃወመች፤ ፍርድ ቤቱ ግን በጁላይ 2022 የዘር ማጥፋት ቃል ኪዳንን የፈረመ መንግሥት ሁሉ ሊከስ ይችላል አለ። በዲሴምበር 2023 ደግሞ ይህንኑ ቃል ኪዳን ጠቅሳ ስለ ጋዛ ሕዝብ እስራኤልን ለመክሰስ ወደዚያው አዳራሽ የገባችው የቀድሞዋ ተከሳሽ ደቡብ አፍሪካ ነበረች።

ለናሚቢያ ሕዝብ ግን ይህ ሁሉ ዘግይቶ መጣ። ስዋፖ የተባለው የነጻነት ድርጅት ፍርዱ በተነበበ ጊዜ ከእንግዲህ መሣሪያ ከማንሣት በቀር ሌላ መንገድ የለንም አለ። ታጋዮቹ ከፍርዱ በፊትም ይዘጋጁ ነበር፤ ስለዚህ ጦርነቱን ዳኞቹ ፈጠሩት ማለት አይቻልም፤ የሕግን መንገድ ተስፋ ያደርጉ የነበሩት ሽማግሌዎች ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለወጣቶቹ የሚመልሱት አጡ። ኦገስት 26 ቀን 1966፥ ከፍርዱ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፥ በኦሙጉሉግዎምባሼ የመጀመሪያው ተኵስ ተከፈተ። ጦርነቱ ከ20 ዓመት በላይ ቈየ፤ ናሚቢያም ነጻነትዋን ያገኘችው ማርች 21 ቀን 1990 ነው።

አለቃ ሆሴያ ኩታኮ ያን ቀን አላዩም፤ በ1970 በሽምግልና ዐረፉ። ዛሬ ወደ ዊንድሁክ የሚሄድ መንገደኛ የሚያርፍበት የአይሮፕላን ጣቢያ በስማቸው ይጠራል።